የፈረስ ጭራ ብሩሽ

ኒዛር በራሱ ፊት ላይ ያልሞከረውን ነገር ሰው ፊት ላይ አያደርግም ነበር። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ያለችው ፀጉር ቤቱ ከሁለት ወንበር በላይ አትይዝም፤ ስሟ ግን እስከ አምቡሊ ድረስ ይነሳል፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞች ሳይቀሩ ከፈረቃ ሲወጡ ጢማቸውን ይዘው ወደ እሱ ይመጣሉ። ሰውየው የአንቲካ ዕቃ ሱሰኛ ነው። የድሮ ሰዎች የተላጩበትን ሳሙና ከነቆርቆሮው፣ የደረቀ ክሬም ከነብልቃጡ፣ ሸብ ከነእንጨት ሳጥኑ ከየአሮጌ ዕቃ መሸጫው ይለቅምና ሦስት ቀን ሙሉ በራሱ ጉንጭ ላይ ይፈትነዋል። አንዴማ ማን እንደ ሠራው የማይታወቅ ክሬም ተቀብቶ ፊቱ ተላልጦ ሳምንት ሙሉ የሰፈር መሳቂያ ሆኖ ነበር። ሲስቁበት፣ እናንተ ላይ ቢሆንስ ኖሮ ይላቸዋል።

በፈረንጆች አቆጣጠር 2011 ነው። ከፈረንሳይ ጦር አንዱ ክፍል ጓዙን ጠቅልሎ ጅቡቲን የለቀቀው በዚያ ዓመት ነበር፤ ከየግቢው የወጣው አሮጌ ዕቃ ደግሞ ገበያውን አጥለቀለቀው። ከዚያ ውስጥ ደህና ደህናው የሚደርሰው ካርቲየ 1 ገበያ ጀርባ አንቲካ የሚሸጠው ዓብዱሰመድ እጅ ነው። ዓብዱሰመድም የኒዛርን ድክመት ያውቃል። አንድ ቀን ጠራውና ከጨርቅ ውስጥ አንድ የመላጫ ብሩሽ አወጣ። እጀታው አጥንት ነው፤ በዘመን ብዛት ወደ ቢጫነት ሄዷል። ፀጉሩ ጥቁር፣ ጠንካራ፣ አንድም ያልተነቀለ። የኒዛር ዓይን እዚያው ተተክሎ ቀረ።

ግን አልነካውም። የአንቲካ ብሩሽ ሲነሳ የኒዛር ጭንቀት አንድና አንድ ነው፤ አሳማ። የድሮ ፈረንጅ ብሩሹን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከአሳማ ፀጉር ነው። የሙስሊም ጢም ላይ የአሳማ ፀጉር ማስነካት ምን ማለት እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ፤ ነጃሳ ነው፣ ርኩስ፣ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ታጥበው እንኳ ሰው የሚጠራጠረው። ይህ ወሬ አንድ ቀን ከወጣበት ፀጉር ቤቱን ቆልፎ ወደ ተወለደባት ድሬዳዋ መመለስ ነው፤ ሌላ መላ የለውም። ስለዚህ ብሩሽ ባየ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው ከምን እንደተሠራ ነው። ዓብዱሰመድ ፈገግ ብሎ እጀታውን ገለበጠው። ከሥሩ በፈረንሳይኛ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ የፈረስ ፀጉር ይላል።

ኒዛር አልሐምዱሊላህ አለ። ደስታው ልክ አልነበረውም። ሌላውን አሮጌ ብሩሽ ሁሉ ሱቁ ጓዳ ባለችው የጋዝ ምድጃ ላይ ግማሽ ሰዓት ሳይቀቅል አይጠቀምበትም፤ ደንቡ ነው። ይኸኛውን ግን ዓብዱሰመድ እንዳትቀቅለው፣ ሙጫው ይለቅና ፀጉሩ ይረግፋል ብሎ አስጠነቀቀው። ኒዛርም ለራሱ፣ ፈረስ ንጹሕ እንስሳ ነው፣ ምን ይቀቀላል አለ። ስህተቱ እዚህች ላይ ናት፤ ያዙልኝ።

ሦስት ቀን በራሱ ላይ ሞከረው። አረፋው ወፍራም፣ ንክኪው ለስላሳ፤ ፊቱ ላይ አንዲት ሽፍታ እንኳ አልወጣም። ታዲያ ኒዛር ራሱን ሲላጭ ቆርጦ አያውቅም። ይህንንም ያዙልኝ። ከዚያ ብሩሹን ለማንም ተራ ደንበኛ አላወጣውም፤ ለክብር እንግዳ ብሎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው።

የክብር እንግዳው ዓርብ ጠዋት መጣ። ጋሽ ዓብዱልመጂድ የሐረር ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚያመላልሱ፣ ቀጥ ያሉ፣ ሳቃቸው ውድ የሆነ ነጋዴ። ከሁሉ በላይ ግን የነጅማ አባት ናቸው። ኒዛር ነጅማን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ መልስ ሲጠብቅ ሁለተኛ ወሩን ይዟል፤ ሰውየው እንቢም እሺም አላሉም። ያን ዕለት ማለዳ ነጅማ ደውላ፣ አባዬ ዛሬ ሊያይህ ይመጣል፣ እንዳላወቀ ሁን ብላው ነበር። እንዳላወቀ ይሆን ዘንድ ወንበሩን አራት ጊዜ ወለወለው።

ጋሽ ዓብዱልመጂድ ቁጭ ብለው ግድግዳውን፣ መስታወቱን፣ የኒዛርን ጥፍር ሳይቀር ተመለከቱ። አረፋ ሊቀባቸው ብሩሹን ሲያነሳ እጃቸውን ዘረጉ።

«የምንድን ነው ይሄ?»

«የፈረስ ጭራ ነው፣ ጋሽ ዓብዱልመጂድ። ተጽፎበታል።»

መነጽራቸውን አድርገው እጀታውን ገለበጡና ራሳቸው አነበቡት። ከዚያ ብሩሹን መለሱለትና «ጎሽ» አሉ። እኚህ ሰው ለገዛ ልጃቸው እንኳ ጎሽ ማለት የሚከብዳቸው ናቸው፤ ኒዛር ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ መሰለው።

እንግዲህ ሁሉም በሰላም እያለቀ ነበር። ምላጩ መንጋጋቸው ጥግ ላይ ሳለ ኪሳቸው ውስጥ ስልካቸው ጮኸ፤ ሰውየውም ሳያስቡት ዘወር አሉ። ትንሽ ደም ወጣ፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል መቆረጥ። ኒዛር ክው አለ። ወዲያው ብሩሹ የነካካውን አረፋ በፎጣ ጠርጎ ሸብ ያዘበት፣ ደሙም ቆመ። ጋሽ ዓብዱልመጂድ ግን አልተቆጡም፤ ጥፋቱ የስልኩ ነው ብለው ለጁምዓ ተነስተው ሄዱ።

ረቡዕ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነጅማ ደወለች። ድምጿ ጥሩ አልነበረም። አባቷ ነገ በማለዳ ወደ ድሬዳዋ ሊሄዱ ነው አለችው፤ ጨርቅ ብቻ ይዘው ሳይሆን የኢማድን ቤተሰብ ሊያዩ ጭምር። ኢማድ ድሬዳዋ ሁለት ሱቅ ያለው ልጅ ነው፤ እሱም ሽማግሌ ልኳል። አባቷ ሁለቱንም ዓይቼ እወስናለሁ ብለዋል፤ ስለ ኒዛር የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ጥንቁቅ ነው። ኒዛር ይህን ሲሰማ ተስፋውም ቅናቱም አንድ ላይ መጡበት። ከዚያ ነጅማ እንደ ዋዛ፣ ያቺ የቆረጥካቸው ቦታ ደግሞ አልድን ብላ አስቸግራቸዋለች አለች።

ኒዛር እንዴት ሆና ብሎ ጠየቀ። ሰኞ ለት አሳከካቸው፤ ማክሰኞ ውኃ ቋጠረች፤ ጥቁር አዝሙድና ማር አደረጉባት። ዛሬ መሐሏ ጥቁር ሆኗል፤ ዙሪያዋ እስከ አንገታቸው ድረስ አብጧል። ያማቸዋል ወይ አላት። አይ፣ እሱስ ምንም አያማቸውም አለች፤ ሕመም ስለሌላት ነው ሐኪም ቤት አልሄድም ያሉት።

ኒዛር ከቆመበት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ይህን በሽታ ያውቀዋል። ልጅ ሳለ የእናቱ ወንድም ድሬዳዋ ውስጥ ቆዳ ይሰበስብ ነበር፤ ከቆዳው ጋር ለጭራ የሚሆን የፈረስ ጅራት ከገጠር እያስመጣ ይሸጥ ነበር። አንድ ክረምት አጎቱ የእጁ አንጓ ላይ እንዲሁ አሳከከው፣ እንዲሁ ውኃ ቋጠረ፣ እንዲሁ መሐሉ ከሰል መሰለ። እሱም አያመኝም እያለ ይስቅ ነበር። ቅቤ ቀቡት። በዘጠነኛው ቀን ቀበሩት። ሰዉ ሁሉ ያኔ አባ ሰንጋ ነው አለ፤ ከሞተ ፈረስ ላይ ከተቆረጠ ጅራት የመጣ። የኒዛር እናት ከዚያ በኋላ ቤቷ ውስጥ ጭራ አላስገባችም። ኒዛርም አሮጌ ብሩሽ የመቀቀል ደንቡን ያመጣው ከዚያ ቤት ነው። እንግዲህ ተመልከቱት፤ አሳማን ሲሸሽ ኖሮ፣ አሳማ አለመሆኑ ሲነገረው ልቡ ረክቶ፣ አጎቱን የገደለበትን እንስሳ ፀጉር ሳይቀቅል በሰው ፊት ላይ አሸው፤ አረፋውም በቁስሉ ገባ።

ነጅማ በስልኩ ውስጥ አለህ ወይ ትላለች። አለሁ አላት። ከዚያ ምንም ሳይነግራት ዘጋው።

ፈሪ ነበር ልበል? ነበር። ያን ምሽት ስልኩን አሥር ጊዜ አንስቶ አሥር ጊዜ አስቀመጠው። ምናልባት ተራ ብጉር ይሆናል ይላል። ደግሞ ያ መሐሉ ጥቁር የሆነው ነገር ይመጣበታል። ብናገር፣ የወደፊት አማቱን በመርዝ ለላጨ ሰው ማን ልጁን ይሰጣል ይላል። ደግሞ ሰውየው ሊሞቱ ይችላሉ፤ የነጅማ አባት፣ ጎሽ ያሉት ሰው፣ በረሃ መሐል፣ ሐኪም በሌለበት ሊሞቱ ነው። እንዲህ ሲገለባበጥ ነጋ። ሲነጋ ብሩሹን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በላዩ ሌላ ፌስታል ጨምሮ፣ ከባድ መኪናዎች ወደሚያድሩበት ወደ ፔካ 12 የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባ።

ከበረሃው የሚነሳው ትኩስ ነፋስ ገና በማለዳው አቧራውን እያነሳ ይወረውር ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱት ከባድ መኪናዎች ተሰልፈዋል፤ ሞተራቸውን ያስነሱም አሉ። ኒዛር ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠ የታምሩን መኪና ጠየቀ፤ ታምሩ የጋሽ ዓብዱልመጂድን ጭነት ለዓመታት ያመላለሰ ሾፌር ነው፤ ቀይ ጋቢና ያለው መኪና አለው። አገኘው። ታምሩ መሪውን ይዞ ሊወጣ ሲል ኒዛር ከፊቱ ቆመ።

ጋሽ ዓብዱልመጂድ አንገታቸውን በነጭ ሻሽ ጠቅልለው ጋቢናው ውስጥ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ግራጫ መስሏል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ አለ፤ ያ ላብ ከሙቀቱ ብቻ አልነበረም። ኒዛር በሩን ይዞ ሁሉንም ተናገረ፤ ስለ አጎቱ፣ ስለ ብሩሹ፣ ስለ አለመቀቀሉ። አባ ሰንጋ ነው፣ አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ አላቸው። ቃላቱ ተደራርበው ስለወጡ ሁለቴ መድገም ነበረበት።

ሰውየው ፈገግ አሉ። ደስ የማይል ፈገግታ ነበር። ነጅማ ነግራሃለች አይደል አሉ፤ ድሬዳዋ ማንን ለማየት እንደምሄድ አውቀህ ነው የመጣኸው። ሆስፒታል አንድ ቀን ቢያስቀሩኝ፣ ከዚያ ሁለት ቀን፣ ከዚያ የኢማድ ሰዎች ተቀይመው ይተዉታል ብለህ ነው። እንዲህ ያለ ዘዴ አርባ ዓመት ስነግድ ሞልቶ አይቻለሁ አሉት። ኒዛር ማለ፣ ተገዘተ። መሐላ ርካሽ ነው አሉት።

ከዚያ ወደ ታምሩ ዞረው ምላጭ አለህ ወይ አሉ። ታምሩ ግራ ገብቶት ከመሪው ፊት ካለው ሳጥን አዲስ ምላጭ ከነወረቀቱ አወጣ። ጋሽ ዓብዱልመጂድ ለኒዛር ሰጡት።

«ራስህ ላይ ያልሞከርከውን ሰው ላይ አታደርግም ይባላል። ጉንጭህን ጫር አድርግና በዚያ ብሩሽ እሸው። ካደረግከው እንደማይገድል ታውቃለህ ማለት ነው፣ ውሸታም ነህ፤ መኪናዬን ልቀቅልኝ።»

ኒዛር ምላጩን ያዘ። ሊያሳምናቸው ነው እንጂ አላሰበበትም። መንጋጋው ጥግ ላይ፣ ልክ እሳቸውን በቆረጠበት ቦታ፣ ጫር አደረገው፤ ደሙ ወረደ። ፌስታሉን ፈታ፤ ብሩሹን አወጣ። ሰውየው የጠየቁትን ቢያደርግ ያልፉና ይሄዳሉ፤ ሄደው ይሞታሉ። ባያደርገው ደግሞ ፈሪነቱን በአደባባይ ነው የሚያሳየው። ይህን ሁሉ ያሰበው በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያየው የአጎቱን እጅ ብቻ ነበር። ብሩሹ ከጉንጩ አንድ ጣት ሲቀረው እጁ ቆመ። ሊገፋው ሞከረ፤ ክንዱ እንቢ አለው። ብሩሹ ከእጁ አቧራው ላይ ወደቀ፤ እሱም እዚያው ቁጢጥ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከኋላ ያሉት ሾፌሮች ክላክስ ያንባርቃሉ፤ እሱ አይሰማም።

ጋሽ ዓብዱልመጂድ ለረጅም ጊዜ አዩት። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ዕቃ ሲገዙ የኖሩ ናቸው፤ ሻጩ ራሱ ቤቱ የማያስገባውን ዕቃ ከፊቱ ያውቁታል። የጋቢናውን በር ከፈቱ፤ አንድ እግራቸውን አወረዱ፤ ሁለተኛውን ሲያወርዱ ታምሩ ባይይዛቸው ይወድቁ ነበር። ትኩሳታቸው በልብሳቸው ላይ ይሰማ ነበር።

«ታክሲ ጥራ» አሉት ታምሩን። ኒዛርም ብሩሹን ወደ ፌስታሉ መልሶ ተከተላቸው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሙ ሻሹን ፈትቶ አንዴ ካየ በኋላ ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። ኒዛርን ቁስሉ ከየት እንደመጣ ጠየቀው፤ ኒዛር በተሰባበረ ፈረንሳይኛው ሁሉንም ነገረው፤ አጥንቱን፣ ጭራውን፣ አለመቀቀሉን። ብሩሹን በጓንት ይዘው፣ በላስቲክ አሽገው ወሰዱት። መድኃኒቱን በደም ሥራቸው አስገቡላቸው። የኒዛርንም ጉንጭ አጥበው ለእሱም ኪኒን ሰጡት። ሐኪሙ በዚህ ትኩሳት የድሬዳዋን መንገድ ቢጀምሩ ኖሮ አይደርሱም ነበር አለ። ነጅማ መጥታ ይህን ስትሰማ በሩ ላይ ተቀመጠች፤ ኒዛርን ቀና ብላ አላየችውም። ይህ ደግሞ ከሁሉም በላይ አንገበገበው።

በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ጋሽ ዓብዱልመጂድ ኒዛርን አስጠሩት። መንጋጋቸው ላይ ጥቁሩ ነገር ደርቋል፤ ዙሪያው ጎድሏል። አልጋው አጠገብ ያለውን በርጩማ በአገጫቸው አሳዩትና ተቀመጠ። ከዚያ ኒዛር ሲፈራው የሰነበተውን ጠየቁት።

«መቼ አወቅህ?»

ሐሙስ ጠዋት ነው ማለት ይችል ነበር። ማንም አያውቅበትም፤ ነጅማ እንኳ በስልኩ ምን እንዳሰበ አታውቅም። ውሸቱ አፉ ላይ መጥቶ ነበር። እዚያው ዋጠው።

«ረቡዕ። ዐሥር ሰዓት ላይ።»

ሰውየው ዓይናቸውን ከደኑ። ኒዛር ሁሉም ነገር እዚያች ላይ ያለቀ መሰለው፤ ነጅማ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ስሙ።

«ያንን ሌሊት ተኛህ?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አልተኛሁም፣ ጋሽ ዓብዱልመጂድ።»

«እኔ ተኝቼ ነበር» አሉ። ኒዛር ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሱና አስቆሙት።

ያን ቀን ስለ ነጅማም ስለ ኢማድም አንድ ቃል አልተናገሩም። ኒዛር ተነስቶ ሊወጣ ሲል ግን ከኋላው ጠሩት። በጣታቸው ጢማቸውን ነካ ነካ አደረጉ፤ በስድስት ቀን ውስጥ ነጭና ጥቁር ተቀላቅሎ ተንጨባሯል።

«ስወጣ የምትላጨኝ አንተ ነህ» አሉ። «ሌላ ሰው አይነካኝም። ፊቴ ላይ ምላጭ ይዞ እንዳንተ የሚፈራ ከየት አመጣለሁ?»

ከሆስፒታል የወጡት ከዚያ ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ ቀኑም ዓርብ ነበር። ከቤታቸው በፊት ያለፉት ወደ ፀጉር ቤቱ ነው፤ ነጅማም አብራቸው መጥታ ከውጭ፣ አጠገቡ ካለው ዳቦ ቤት ጥላ ሥር ቆመች። ኒዛር ከሱቅ የተገዛ፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ አዲስ ብሩሽ አወጣ፤ የፕላስቲክ ፀጉር ያለው፣ ርካሽ። ላስቲኩን ዓይናቸው እያየ ቀደደው። ሰውየው ብሩሹን አይተው፣ እሱን አይተው፣ ወንበሩ ላይ ተደላደሉ።

«ሞክረኸዋል?» አሉት።

ኒዛር ለአንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ አረፋውን አንስቶ የራሱን ጉንጭ ቀባ፤ ጠባሳዋ ላይ ሳይቀር። ጋሽ ዓብዱልመጂድ በመስታወቱ ውስጥ እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ መጀመሪያ ወደ ውጭ ተጣርተው ነጅማን፣ ከዚህ ወዲያ ከውጭ አትቁሚ፣ ግቢ አሏት፤ ቀጥሎ አገጫቸውን ቀና አደረጉ።